ፈንዱ ሲቋረጥ፦ የአንድ አገር በቀል ድርጅት ሠራተኞች ጉዳይ

መነሻ

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኛ ቀነሱ። ከእነዚህ የአንዱን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅርብ ተከታትያለሁ። ሙያዬ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። የድርጅቱ ቦርድ ቅነሳውን የሚመራ ኮሚቴ ሲያቋቁም ከውጭ እንድገባ ጠየቀኝ፤ ያለ ክፍያ ገባሁ። የድርጅቱም ሆነ የሰዎቹ ስም እዚህ አይጠቀስም።

ጉዳዩን በጽሑፍ ማስቀመጥ የፈለግሁት አንድ ጥያቄ በደንብ ስለታየበት ነው። አንድ ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቷል። በወረቀት ግን በየፕሮጀክቱ እንደ አዲስ የተቀጠረ ነው። ገንዘቡ ሲቆም የዚያ 9 ዓመት ዕዳ የማን ነው? በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ይደርስበታል።

ዳራ

ድርጅቱ የተጀመረው በመሀል ከተማ ባለ አንድ ደብር ውስጥ ነው። በኤችአይቪ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድጉ አያቶችን ለመርዳት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያሰባሰቡት ማኅበር ነበር። በኋላ ራሱን ችሎ ተመዘገበ። ቦርድ፣ ጠቅላላ ጉባኤና ቢሮ አበጀ። ሥራውም ሰፋ፦ ቤት ለቤት የሕሙማን ክትትል፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የእናቶች ቁጠባ ቡድን።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ድርጅቱ ከመብት ሥራ ርቆ በአገልግሎት ላይ ብቻ ቆየ። በመብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ የተገደበበት ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ ያ ገደብ ተነሳ። ድርጅቶች ሕጋዊ የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩም በሰፊው ተፈቀደላቸው። ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ተደነገገ። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝና የጠበቃ ክፍያ ሳይቀር በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ድርጅቱ ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት አጋር ሆነ። ሠራተኛ ጨመረ፣ መኪና መጣ፣ ካሳንቺስ ውስጥ አንድ ቪላ ተከራየ። ያኔ ኤንጂኦ የገባ ሰው በሰፈሩ እንደተሳካለት ይቆጠር ነበር።

2017 ሲገባ ድርጅቱ በራሱ ፔይሮል 32 ሰዎች ነበሩት። 23ቱ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚከፈሉ ነበሩ። 9ኙ ዋና ሥራ አስኪያጇን፣ ገንዘብ ያዧን፣ ጥበቃዎችንና ጽዳቶችን የሚያጠቃልሉ ቋሚዎች ናቸው። በሕፃናት ማቆያው የሚሠሩ ስድስት ሴቶች ደግሞ በድርጅቱ ሳይሆን በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ፔይሮል ላይ ነበሩ። ከአርባ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞችም በየወሩ የትራንስፖርት አበል እየተሰጣቸው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። እነዚህን አራት ቡድኖች አንባቢ ለይቶ ቢይዛቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሲመጣ አራቱንም የነካቸው በተለያየ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካሳንቺስ ደረሰና ቪላው ፈረሰ። ቢሮው ወደ ደብሩ ግቢ፣ ወደ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ተመለሰ። ከሚረዱት ቤተሰቦችም ብዙዎቹ በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ። ሠራተኞቹ ገና ከዚህ ሳያገግሙ ነው ቀጣዩ የመጣው።

ችግሩ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር። በዚያ ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ከቀናት በኋላ አጋሩ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለዚህ ድርጅት «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ላከ። በዚያው ሰሞን ሕይወት አድን ለሆኑ ሥራዎች ፈቃድ ይሰጣል የሚል ዜና መጣ። ይህ ዜና ብዙ ሰው አጓጓ። መጋቢት 1 ቀን ደግሞ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከዩኤስኤአይዲ (የአሜሪካ መንግሥት የልማት ዕርዳታ ድርጅት) ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ። የዚህ ድርጅት ፕሮጀክትም ከተሰረዙት አንዱ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘግቶ የቀረው ሥራ ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከፍተኛውን የአሜሪካ ዕርዳታ ትቀበል ስለነበር ድንጋጤው አንድ ግቢ ውስጥ የቀረ አልነበረም። በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል መቋረጡ በዚያን ሰሞን ተዘግቧል። አንድ ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ በር የሚያንኳኳበት ሌላ ድርጅት ይኖራል። በዚያ ወር ግን በሩን የሚከፍቱትም ራሳቸው እየቀነሱ ነበር።

ቦርዱ መጀመሪያ የተሰበሰበ ዕለት ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው፣ የፕሮጀክት ሠራተኞቹን በቃል «እስኪጣራ ቤት ቆዩ» ብሎ መላክ። ሁለተኛው፣ ውላቸው የአንድ ዓመት ስለሆነ «ውላችሁ አልቋል» ብሎ መሸኘት። ሁለቱም ርካሽ ይመስላሉ። ሁለቱም አደገኛ ነበሩ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ብሎ ይነሳል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚደረግ ውል በሕጉ የተዘረዘሩ ምክንያቶች ያስፈልጉታል። ወረቀቱ ላይ «አንድ ዓመት» መጻፉ ብቻውን ነገሩን አይዘጋም። የሠራተኞቹን ፋይል ስናገላብጥ ከ23ቱ 12ቱ በእርግጥም ለመጨረሻው ፕሮጀክት ብቻ የተቀጠሩ ሆነው አገኘን። 11ዱ ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው። ሥራቸው፣ አለቃቸው፣ ወንበራቸው ሳይለወጥ ፕሮጀክት ሲያልቅ አዲሱ ፕሮጀክት ስም ላይ ውል ይፈርማሉ። ሹፌሩ በዚህ ዓይነት በአምስት ፕሮጀክት ስም 9 ዓመት ነድቷል። በአንዱና በሌላው ውል መሃል አንድም ቀን ከሥራ አልቀረም።

ልዩነቱ የገንዘብ ነው። ውል ጊዜው አልቆ ሲቋረጥና በሠራተኛ ቅነሳ ሲቋረጥ የሚከፈለው አንድ አይደለም። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው የሚነካ መቀነስ በሕጉ «ቅነሳ» ነው። ቅነሳ ከሆነ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፣ የስንብት ክፍያና ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይመጣል።

የሹፌሩን ሒሳብ ላሳይ። ደመወዙ በወር 15,000 ብር፣ በቀን ሲታሰብ 500 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 15,000 ብር። ለቀጣዮቹ 8 ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ 5,000 ብር፤ በጠቅላላ 40,000። ድምሩ 55,000 ብር ነው። የ60 ቀኑ 30,000 ሲጨመር 85,000 ብር ይሆናል። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል። «ውልህ አልቋል» ቢባል ኖሮ የፈቃዱን ብቻ ይዞ ይወጣ ነበር።

አጋሩ ድርጅት ስለ ስንብት ክፍያው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ ከእኛ ፕሮጀክት በፊት ለተሠራበት ዓመት እኛ አንከፍልም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ለጋሾች ፋይላቸውን ዘግተው ከሄዱ ቆይተዋል። ሹፌሩ ለአምስቱም ነድቷል፤ የ9 ዓመቱ ዕዳ ግን በአንዳቸውም ሒሳብ ውስጥ የለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሠራው ነገር እገዳውን ሕጋዊ ማድረግ ነበር። ከአሠሪው ጥፋት ውጪ በመጣ የገንዘብ ችግር ሥራ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቆም የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ ይቻላል። ግን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ አካል በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ደብዳቤው በቀኑ ገባ። ከየካቲት 1 ጀምሮ እገዳው ተፈቀደ። ሠራተኞቹ ደመወዝ ባያገኙም ውላቸው እንዳልተቋረጠ የሚያሳይ ወረቀት በእጃቸው ገባ።

ሁለተኛው እርምጃ ስብሰባው ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጇ በሙያዋ ነርስ ስለሆነች ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ስብሰባው የተደረገው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሕፃናቱ ሀሁ ግማሹ ሳይጠፋ ነበር። ሹፌሩ ተነስቶ «ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪን፤ ገንዘብ አለ ወይስ የለም?» አላት። ሲስተር ጠመኔ አንስታ በባንክ ያለውን፣ ለጡረታና ለግብር የሚከፈለውን፣ የሚቀረውን ቁልቁል ጻፈችው። የሚቀረው ለሁሉም እንደማይበቃ ማንም አይቶ ይገባዋል። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ጉርምርምታ የቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚቆጣው ገንዘብ በማጣቱ ብቻ እንዳልሆነ አይቻለሁ። የተደበቀ ገንዘብ አለ ብሎ ሲጠረጥር ነው የሚብሰው።

ሠራተኞቹ ሦስት ተወካዮች መረጡ። ተወካዮቹና ኮሚቴው አብረው የአገልግሎት ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ሰንጠረዡ ቀላል ነው፦ ስም፣ መጀመሪያ የተቀጠሩበት ቀን፣ የሠሩባቸው ፕሮጀክቶች፣ በመሃል ክፍተት ካለ ርዝመቱ፣ የመጨረሻ ደመወዝ፣ ቀሪ ፈቃድ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስመር አይቶ ፈረመ። ሁለት ሰዎች የድሮ ውላቸውን ከቤታቸው አምጥተው የቅጥር ቀናቸውን አስተካከሉ። የድርጅቱ ማኅደር በካሳንቺሱ ዕቃ ማጓጓዝ ወቅት ተዘበራርቆ ስለነበር ይህ ባይደረግ ኖሮ የስንት ዓመት አገልግሎት ይጠፋ ነበር።

በሰንጠረዡ መሠረት ጠበቃ ተጠየቀ። ውሳኔውም ሁለት ሆነ። 12ቱ ውላቸው በሚያልቅበት በሰኔ 30 ይወጣሉ። እገዳው ሲያበቃ የሁለት ወር ደመወዛቸውን አጋሩ ድርጅት ከመዝጊያ ወጪ ይሸፍናል። 11ዱ ደግሞ በቅነሳ ሕግ ይስተናገዳሉ፤ ማስጠንቀቂያቸው ከግንቦት 1 ይጀምራል። ከ11ዱ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሕጉ ነፍሰ ጡርን በቅነሳ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጣት ወደ ሕፃናት ማቆያው ተዛወረች። ስለዚህ የስንብት ክፍያ የሚገባቸው 10 ሆኑ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ጀነሬተሩና አሮጌው ፒካፕ በአባላት መዋጮ የተገዙ ስለነበሩ ተሸጡ። የፕሮጀክቱ መኪና ግን የለጋሽ ንብረት ነውና አልተነካም። ደብሩ የሁለቱን ክፍሎች ኪራይ ለአንድ ዓመት ማረ። የአካባቢው ሁለት ዕድሮችም ከመጠባበቂያቸው አዋጡ። ሆኖም ሁሉንም በአንዴ መክፈል አልተቻለም። ሕጉ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት እንዲጠናቀቅ ያዛል፤ ሲዘገይ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በፈቃደኝነት የሦስት ጊዜ ክፍያ ስምምነት ተፈረመ፦ ሰኔ፣ ነሐሴ፣ ጥቅምት።

9ኙ ቋሚዎች በጽሑፍ ፈቅደው የሥራ ሰዓታቸውንና ደመወዛቸውን ቀነሱ። የሕፃናት ማቆያው ደግሞ ለተቸገሩት በነጻ፣ ለሚችሉ ወላጆች በክፍያ እንዲሠራ ተደረገ። በአካባቢው ባሉ ቢሮዎች የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን ማምጣት ጀመሩ።

የሠራው

ሰንጠረዡና ጥቁር ሰሌዳው ሠሩ። ከ22ቱ ተሰናባቾች አንድም ሰው ፍርድ ቤት አልሄደም። በዚያው ሰሞን በማውቃቸው ሌሎች ድርጅቶች ክስ ተከምሮ ነበር።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ሠራ። ይህን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ። በፊት ድርጅቱ የሚሰጠው ደብዳቤ «በፊልድ ኦፊሰርነት ከዚህ እስከዚህ ቀን አገልግለዋል» የሚል ነበር። የግል ድርጅት ቀጣሪ ይህን አንብቦ ምንም አይገባውም። ፊልድ ኦፊሰር ምን ይሠራል? ሲስተር ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፈቻቸው። ለአንዷ ልጅ እንዲህ ተጻፈ፦ 60 ቤተሰቦችን በኃላፊነት ትከታተል ነበር፤ የልጆችን የትምህርት ቤት መቅረት በየሳምንቱ ትመዘግብ ነበር፤ ከወላጆችና ከመምህራን ጋር ትነጋገር ነበር፤ የወር ሪፖርት በኮምፒውተር ታዘጋጅ ነበር። አንድ የግል ትምህርት ቤት ይህን አይቶ የተማሪዎች ክትትል ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት። የትምህርት ቤቱ ሰው ለሲስተር ደውሎ «እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሌላም ላኩልን» አለ። ሌላ አንድ ሰውም በዚያው ገባ።

ማቆያው በስድስት ወር ውስጥ የራሱን ምግብና የጽዳት ወጪ መሸፈን ቻለ። የሠራተኞቹን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ግን አልሸፈነም።

ያልሠራው

ሦስቱ የእገዳ ወራት በሕግ ንጹሕ ነበሩ፤ በኑሮ ግን ጎዱ። «ፈቃድ ይሰጣል» የሚለው ዜና ሰውን አስሮ አስቀመጠ። ብዙዎቹ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሥራ በቁም ነገር አልፈለጉም። ኮሚቴው መጋቢት ላይ የመሰረዙ ደብዳቤ እንደደረሰ ለሁሉም አንብቧል፤ ያኔም «ይግባኝ ተብሏል አሉ» የሚል ተስፋ ይወራ ነበር። ወዲያው የተንቀሳቀሱት ጥቂቶች በተሻለ ደመወዝ ገቡ። ግንቦት ላይ የጀመሩት ገበያው ሞልቶ ጠበቃቸው።

ለሌሎች ድርጅቶች የተላኩት ሲቪዎች ከሞላ ጎደል ውጤት አላመጡም። ኮሚቴው የሁሉንም ሲቪ ሰብስቦ ለሚያውቃቸው ኤንጂኦዎች በተነ። መልሱ ተመሳሳይ ነበር፦ እኛም እየቀነስን ነው። ያ ጉልበት ከመጀመሪያው ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የንግድ ድርጅቶች ቢውል ይሻል ነበር። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው፣ የረቡዕና የእሑድ ጋዜጣ ተከራይተው ያነበቡት ልጆች ከኮሚቴው ዝርዝር የተሻለ አግኝተዋል።

ታኅሣሥ 2018 ላይ የሁሉንም ሁኔታ ጠይቀን ነበር። ከ22ቱ አምስቱ በግል ትምህርት ቤትና ማቆያ፣ አራቱ በንግድ ድርጅት ሒሳብና መጋዘን፣ ሦስቱ በግል ክሊኒክ ገብተዋል። ሁለቱ ሹፌር ሆነዋል። ሁለቱ የራሳቸውን ትንሽ ንግድ ከፍተዋል። ሁለቱ በቤተ ክርስቲያን ተቋማት ተቀጥረዋል። ሌላ ኤንጂኦ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስቱ ሥራ አላገኙም። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ደመወዛቸው ከበፊቱ ያነሰ ነው። ለእኔ ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው፤ ሰዎቹ ከዘርፉ ወጥተዋል። ቤት ለቤት መዞርን፣ የታመመን ሰው ማነጋገርን፣ የአያቶችን ጓዳ የሚያውቅ እጅ ከሰፈሩ ጠፍቷል። ነገ ገንዘብ ቢመጣ እንኳ እነዚህን ሰዎች መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

የበጎ ፈቃደኞቹ ነገር ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ነው። ሠራተኞቹ ኮሚቴ፣ ጠበቃ፣ ሰንጠረዥ ነበራቸው። ለበጎ ፈቃደኞቹ በስልክ «አበሉ ቆሟል» ተባለ፣ አለቀ። ብዙዎቹ ሰባትና ስምንት ዓመት የዞሩ እናቶች ናቸው። ጥቂቶቹ በራሳቸው የታክሲ ሒሳብ ገላን ጉራ ድረስ እየሄዱ የድሮ ሕሙማኖቻቸውን ይጠይቃሉ። ምንም ወረቀት አልተሰጣቸውም ነበር። ከብዙ ወር በኋላ ነው የምስጋናና የልምድ ደብዳቤ የተጻፈላቸው።

በደብሩ ፔይሮል ላይ ያሉት ስድስት ሴቶች ሥራቸውን አላጡም። ፋይላቸው ሲከፈት ግን ጡረታ የላቸውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ የሃይማኖት ተቋማት ሠራተኞች በፈቃደኝነት እንጂ በግዴታ አልተካተቱም ነበር። ሰበካ ጉባኤው አላስመዘገበም፤ ሴቶቹም መብት እንዳላቸው አልሰሙም። ከመካከላቸው አንዷ 14 ዓመት ሠርታለች። ጉዳዩ ለደብሩ አስተዳዳሪ ቀረበ። ሴቶቹ ፊታቸው ቆመው «አባታችን፣ እርጅና መጣብን» አሉ። አስተዳዳሪው ተቀብለው ከሐምሌ ጀምሮ እንዲመዘገቡ አደረጉ፤ ደብሩ 11 በመቶ፣ ሠራተኛዋ 7 በመቶ። ያለፈው 14 ዓመት ግን አልተመለሰም።

የጥቅምቱ ሦስተኛ ክፍያም ዘግይቶ በታኅሣሥ ነው የተጠናቀቀው። ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ አስማሚ ሊሄዱ ተነስተው ነበር። ሲስተር ራሷ ቤታቸው ድረስ ሄዳ የባንኩን ወረቀት አሳየቻቸው።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ዋናው ነገር የስንብት ክፍያ በየዓመቱ መቀመጥ እንዳለበት ነው። ሒሳቡ ሲታይ ከባድ አይደለም። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አንድ ሠራተኛ በየዓመቱ የሚያጠራቅመው የአንድ ወር ደመወዙን ሲሶ ነው። ይህ ከዓመት ደመወዙ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። በየዓመቱ ሲቀመጥ ማንም አይሰማውም። ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ በአንድ ቀን ሲመጣ ግን ድርጅት ይዘጋል። ደግሞ የፕሮጀክት ሠራተኛ ጥቅማጥቅም ሆኖ ከደመወዙ ጋር በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ መጻፍ አለበት። ወደ አስተዳደር ወጪ ከተገፋ ከ20 በመቶው ጋር ይጋጫል። ለጋሾች የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ በድርጅቱ የሰው ኃይል መመሪያ ውስጥ ተጽፏል ወይ? ያልተጻፈ ነገር አይከፈልም። ስለዚህ ከፕሮፖዛሉ በፊት መመሪያውን ማስተካከል ይቀድማል።

የውል አጻጻፍም መታየት አለበት። ጥበቃ፣ ሹፌር፣ ገንዘብ ያዥ በአንድ ፕሮጀክት አይወሰኑም። ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር አዲስ ውል ማስፈረም ለድርጅቱ ከለላ ይመስላል፤ ሠራተኛው የመጀመሪያ ውሉን ከቤቱ ሲያመጣ ያ ከለላ አይኖርም። ሠራተኞችም የእያንዳንዱን ውል ቅጂ ቤታቸው ያስቀምጡ።

ሥራ ለማቆም ትእዛዝ ሲመጣ በዚያው ሳምንት የልምድ ደብዳቤ መጻፍ ይጀመር። መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ወረቀት አድርጎ ማቆየት ሰውን ገበያ ያስመልጠዋል። ደብዳቤው የሥራ መደብ ስም ሳይሆን ሥራውን ይናገር።

በሃይማኖት ተቋማት ውስጥ ያሉ ሰበካ ጉባኤዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች የጽዳት፣ የጥበቃና የሞግዚት ሠራተኞቻቸውን ፋይል ዛሬውኑ ይክፈቱ። ቀዳሹ ወይም ሰባኪው የመንፈሳዊ አገልጋይ ጥያቄ አለው፤ እርሱ ለብቻው ይታያል። ሞግዚቷና ዘበኛው ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ያረጃሉ።

ስለ በጎ ፈቃደኞች፣ ቢያንስ ስማቸውንና ያገለገሉበትን ዓመት የያዘ መዝገብ ይኑር። ፕሮጀክት ሲዘጋም በስልክ አይሰናበቱ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ድርጅቱ መመሪያውን ቀይሮ የስንብት መጠባበቂያን አስገብቷል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ለጋሾች ፕሮፖዛል አቅርቧል፤ በሁለቱም በጀት ውስጥ መጠባበቂያው በራሱ መስመር ተጽፏል። አንዱ ያለ ጥያቄ ተቀብሎታል። ከሁለተኛው ጋር ገና እየተነጋገሩ ነው።